ቁጥርን በዐረፍተ ነገር መግለጽ፦ የኮምፒዩተር ሙቀት በጫና ፈተና ጊዜ

የትምህርቱ ዓላማ

ይህን ትምህርት ስትጨርሱ፣ በመለኪያ የተገኘን ቁጥር ለአንባቢ በሚገባ ዐረፍተ ነገር መግለጽ፣ «በ»፣ «ከ»፣ «ወደ» እና «እስከ» ከቁጥር ጋር ሲገቡ የሚያመጡትን የትርጉም ልዩነት መለየት፣ እንዲሁም በልኬት ላይ የተመሠረተ አጭር ዘገባ መጻፍ ትችላላችሁ።

ሀ. መግቢያ

«ውኃ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላል» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ከአንደኛ ደረጃ ትምህርታችሁ ጀምሮ ታውቁታላችሁ። ይሁን እንጂ በሐዋሳ ከተማ ውኃ ጥዳችሁ፣ በሚፈላው ውኃ ውስጥ ትክክለኛ ቴርሞሜትር ብታስገቡ፣ ቁጥሩ 94 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይቆማል፤ እሳቱን ብታበዙትም ከዚያ አያልፍም። ቴርሞሜትሩ አልተሳሳተም፤ መጽሐፉም አልዋሸም። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ስለሆነች፣ አየሩ በውኃው ላይ የሚያሳርፈው ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው ግፊት ያነሰ ነው። ውኃውም ቀደም ብሎ ይፈላል። ጉድለቱ ያለው በዐረፍተ ነገሩ ላይ ነው፤ «በባሕር ጠለል ላይ» የሚለው ሐረግ ተትቷል።

እንግዲህ አንድ ቁጥር እውነት የሚሆነው ከሁኔታው ጋር ሲነገር መሆኑን ልብ በሉ። ሁኔታው የተቆረጠበት ቁጥር አንባቢን ያሳስታል። ይህን በሰፊው ለመመልከት፣ በዛሬው ጊዜ በትምህርት ቤትና በመሥሪያ ቤት ሁሉ የሚገኘውን ኮምፒዩተር ምሳሌ አድርገን ወስደናል። የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

ለ. ምንባብ

ኮምፒዩተር ሲፈተን

ኮምፒዩተር የሚቀበለው የኤሌክትሪክ ኃይል ከሞላ ጎደል ሁሉም በመጨረሻ ወደ ሙቀት ይለወጣል። በተራ የትምህርት ቤት ኮምፒዩተር ውስጥ ከሌሎቹ ክፍሎች ይልቅ የሚሞቀው ስሌቱን የሚያካሂደው ፕሮሰሰር ነው። የፕሮሰሰሩ ሙቀት ስስ በሆነ ቅባት በኩል ከላዩ ወደተቀመጠው ብረት ይተላለፋል፤ ከብረቱም ማራገቢያው እየነዳ ወደሚያመጣው አየር ይሄዳል። ሙቀት በራሱ የሚሄደው ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው ስለሆነ፣ በማራገቢያ ብቻ የሚቀዘቅዝ ፕሮሰሰር ከክፍሉ አየር በታች ሊቀዘቅዝ አይችልም። የክፍሉ አየር 25 ዲግሪ ሆኖ ሳለ መለኪያው «18 ዲግሪ» ቢል፣ የተሳሳተው መለኪያው ነው። እንዲሁም ኮምፒዩተሩ ገና እንደተከፈተ «127 ዲግሪ» የሚል ቁጥር ከአንዱ መሥመር ላይ ሳይነቃነቅ ቢታይ፣ ብዙውን ጊዜ ቁጥሩ የመጣው ምንም ነገር ካልተገናኘበት የመለኪያ ጫፍ ነው።

ጽሑፍ በሚጻፍበት ወይም መጽሐፍ በሚነበብበት ጊዜ ኮምፒዩተሩ የሚጠቀመው የአቅሙን ጥቂት ክፍል ብቻ ነው። ስለሆነም ሕመም ያለበት ኮምፒዩተር በቀላል ሥራ ጊዜ ጤነኛ መስሎ ሊታይ ይችላል። የጫና ፈተና የሚባለው፣ ፕሮሰሰሩ ሙሉ አቅሙን ሳያቋርጥ እንዲጠቀም በሚያስገድድ ፕሮግራም ኮምፒዩተሩን አሠርቶ ሁኔታውን መመልከት ነው። ለዚህ ተግባር ከሚታወቁት ፕሮግራሞች አንዱ ፕራይም95 ነው። ይህ ፕሮግራም ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም ዙሪያ ያሉ ፈቃደኞች ከ1ና ከራሳቸው በስተቀር በሌላ ቁጥር ያለ ቀሪ የማይካፈሉ ግዙፍ ቁጥሮችን ለመፈለግ የሚጠቀሙበት ነው። ፍለጋው ስሌት የማይሳሳት ኮምፒዩተር ስለሚጠይቅ፣ መልሳቸው አስቀድሞ የታወቀ ስሌቶችን እያሠራ ኮምፒዩተሩን የሚፈትንበት ክፍል አለው። ኮምፒዩተሩ የሰጠው መልስ ከታወቀው መልስ ከተለየ ፈተናው ስሕተት መኖሩን ያስታውቃል። ስለዚህ ከጫና ፈተና ሁለት ነገር ይገኛል፤ አንደኛው ኮምፒዩተሩ ምን ያህል እንደሞቀ፣ ሁለተኛው ሞቆ ሳለ በትክክል ማስላቱን መቀጠሉ ነው።

አሁን በመስኮቱ ላይ የሚታየውን ቁጥር እንመልከት። ቁጥሩ ቴርሞሜትር አይቶ እንደመናገር ቀላል አይደለም። በብዙዎቹ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ውስጥ የተቀበረው መለኪያ የሚናገረው ከዜሮ ተነሥቶ የተቆጠረ ዲግሪ ሳይሆን፣ ፕሮሰሰሩ ከተወሰነለት ጣሪያ ለመድረስ ስንት ዲግሪ እንደቀረው ነው። ጣሪያው 100 ዲግሪ ቢሆንና መለኪያው «35 ይቀራል» ቢል፣ ፕሮግራሙ 35ን ከ100 ቀንሶ «65 ዲግሪ» ብሎ ይጽፍልናል። ፕሮግራሙ ጣሪያውን በስሕተት 90 አድርጎ ቢይዝ ግን፣ በዚያው ቅጽበት «55 ዲግሪ» ይላል። በተጨማሪም ይህ ዓይነቱ መለኪያ ይበልጥ ትክክለኛ የሚሆነው ወደ ጣሪያው በተጠጋ ቁጥር ስለሆነ፣ ኮምፒዩተሩ ሥራ ፈትቶ ሳለ የሚታየው ቁጥር የሚታመነው በመጠኑ ነው።

ሌላም ምሳሌ አለ። በ2009 ዓ.ም. ኤኤምዲ የተባለው ኩባንያ ራይዘን የሚባሉትን ፕሮሰሰሮቹን ለገበያ ባቀረበ ጊዜ፣ ከእነርሱ ውስጥ 1700ኤክስና 1800ኤክስ የተባሉት ከእውነተኛው የሙቀት መጠናቸው 20 ዲግሪ ጨምረው ያሳዩ ነበር። ይህም ማራገቢያዎቹ በልዩ ልዩ ፕሮሰሰሮች ላይ በአንድ ዓይነት ሥርዓት እንዲዞሩ ታስቦ የተደረገ መሆኑን ኩባንያው አስታውቋል። ይህን ያላወቀ ሰው 58 ዲግሪ ላይ የነበረውን ፕሮሰሰር 78 ዲግሪ ደርሷል ብሎ ይደነግጥ ነበር።

የፕሮሰሰሮች ጣሪያም አንድ አይደለም። ብዙዎቹ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች 100 ዲግሪ ጣሪያ ተሰጥቷቸዋል። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ የወጡት የራይዘን 7000 ተከታታይ ፕሮሰሰሮች ግን ጣሪያቸው 95 ዲግሪ ሆኖ፣ ከእነርሱ ውስጥ ኃይለኞቹ በሙሉ ጫና ጊዜ እዚያው ደርሰው እንዲሠሩ ታስበው የተሠሩ ናቸው። ስለዚህ «95 ዲግሪ» የሚለው ቁጥር ለአንዱ የታሰበለት የሥራ ሁኔታ ሲሆን፣ ለሌላው የማስጠንቀቂያ ደወል ነው።

ፕሮሰሰር ከጣሪያው ሲደርስ ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ሙቀቱ ከቀጠለም ኮምፒዩተሩ ድንገት ይጠፋል። ፍጥነቱን ሲቀንስ ሙቀቱ ስለሚገታ፣ በመስኮቱ ላይ ያለው ቁጥር ሳይጨምር ረግቶ ይታያል። ጀማሪ ፈታኝ ይህን አይቶ «ሙቀቱ ስለቆመ ደኅና ነው» ይላል። ነገር ግን ቁጥሩ የቆመው ኮምፒዩተሩ ሥራውን ስለቀነሰ ነው። በመሆኑም የሙቀቱን መጠን የሚጽፍ ሰው የፕሮሰሰሩን ፍጥነትም አብሮ መጻፍ ይገባዋል።

ከዚህ ቀጥሎ የአካባቢው ሁኔታ ይመጣል። በሐዋሳ በክረምቱ ወራት ቀኑ ቀዝቀዝ ይላል፤ በየካቲትና በመጋቢት ግን የከሰዓት በኋላው አየር ወደ 30 ዲግሪ ይጠጋል። ክፍሉ በሞቀ ቁጥር ፕሮሰሰሩም በዚያው መጠን ገደማ ይሞቃል። ከፍታውም የራሱ ድርሻ አለው፤ በ1,700 ሜትር ላይ ያለው አየር በባሕር ጠለል ላይ ካለው በ15 በመቶ ያህል የሳሳ ስለሆነ፣ በዚያው ፍጥነት የሚዞር ማራገቢያ ይዞት የሚሄደው ሙቀት ያንሳል። የአሜሪካ የማሞቂያ፣ የማቀዝቀዣና የአየር ማስተካከያ መሐንዲሶች ማኅበር ለመረጃ ማዕከላት ባወጣው መመሪያ፣ እስከ 35 ዲግሪ በሚደርስ አየር ውስጥ እንዲሠሩ ለተፈቀደላቸው ኮምፒዩተሮች፣ ከ900 ሜትር በላይ ባለው ከፍታ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ እንዲቀነስ ይመክራል። በዚህ ስሌት የሐዋሳ ወሰን 32 ዲግሪ ገደማ ይሆናል ማለት ነው።

እነዚህን ሁሉ አያይዞ ለማንበብ የሚረዳ ቀላል ዘዴ አለ፤ ይኸውም የክፍሉን አየር የሙቀት መጠን ከፕሮሰሰሩ የሙቀት መጠን ቀንሶ ልዩነቱን መመልከት ነው። ለዚህ ትምህርት እንዲሆን የተዘጋጀውን የሚከተለውን ምሳሌ ተመልከቱ። አንድ የሐዋሳ ትምህርት ቤት አንዱን ኮምፒዩተር በተለያዩ ወራት አራት ጊዜ ፈተነው እንበል። በእያንዳንዱ ፈተና ፕሮሰሰሩ ለ30 ደቂቃ ሙሉ ጫና ተሸክሞ ሠርቷል፤ ማራገቢያውም በአንድ ፍጥነት ዞሯል።

1ኛ ፈተና፣ በታኅሣሥ ከጧቱ 2 ሰዓት፦ ክፍሉ 20 ዲግሪ፣ ፕሮሰሰሩ 74 ዲግሪ፣ ልዩነቱ 54።
2ኛ ፈተና፣ በመጋቢት ከቀኑ 9 ሰዓት፦ ክፍሉ 29 ዲግሪ፣ ፕሮሰሰሩ 83 ዲግሪ፣ ልዩነቱ 54።
3ኛ ፈተና፣ በሰኔ ከጧቱ 3 ሰዓት፦ ክፍሉ 21 ዲግሪ፣ ፕሮሰሰሩ 92 ዲግሪ፣ ልዩነቱ 71።
4ኛ ፈተና፣ በሰኔ፣ የብረቱና የማራገቢያው አቧራ ከተጠረገ በኋላ፦ ክፍሉ 22 ዲግሪ፣ ፕሮሰሰሩ 77 ዲግሪ፣ ልዩነቱ 55።

የፕሮሰሰሩን ቁጥር ብቻ የሚያይ ሰው፣ ኮምፒዩተሩ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት በ9 ዲግሪ ስለሞቀ እየተበላሸ ነው ይላል። ልዩነቱን የሚያይ ሰው ግን በመጋቢት የተለወጠው ኮምፒዩተሩ ሳይሆን የአየሩ ሁኔታ መሆኑን ይረዳል። እውነተኛው ለውጥ የታየው በሰኔ ነው፤ ክፍሉ ከመጋቢት ይልቅ ቀዝቅዞ ሳለ ፕሮሰሰሩ ይበልጥ ሞቋል። ከአቧራው መጠረግ በቀር ሌላ ነገር ሳይነካ ልዩነቱ ወደ 55 ስለተመለሰ፣ ሙቀቱ እንዳይወጣ የከለከለው አቧራው መሆኑ ታወቀ። አቧራውን ሲጠርጉ ቅባቱንም አብረው ለውጠው ቢሆን ኖሮ፣ ከሁለቱ የትኛው እንደበጀ ለማወቅ ባልተቻለ ነበር።

ሐ. የቃላት ጥናት

በምንባቡ ውስጥ ያሉትን የሚከተሉትን ቃላት ከነአገባባቸው አጥኑ።

ጫና፦ በእንስሳ ወይም በሰው ላይ የሚደረግ ሸክም፤ በምንባቡ ውስጥ በኮምፒዩተር ላይ የሚደርስ የሥራ ብዛት።
ጣሪያ፦ የቤት ክዳን፤ በምንባቡ ውስጥ ሊታለፍ የማይገባው የመጨረሻ ወሰን።
የሳሳ፦ የቀጠነ፣ ጥቅጥቅ ያላለ፤ ስለ ጨርቅም ስለ አየርም ይነገራል።
ረጋ፦ እንቅስቃሴውን ተወ፣ ባለበት ቆመ፤ ስለ ወተት፣ ስለ ውኃ፣ ስለ ሰው ጠባይም ይነገራል።

«ጫና» እና «ጣሪያ» በቀጥተኛ ፍቻቸው ሳይሆን በምሳሌያዊ ፍቻቸው እንደገቡ አስተውሉ። አዲስ ሙያ ወደ ቋንቋችን ሲገባ ቋንቋው ከሚቀበልባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው። እንደ «ፕሮሰሰር» ያሉት የተውሶ ቃላት እንዳሉ ይገባሉ፤ እንደ «ጫና» ያሉት ነባር ቃላት ደግሞ አዲስ ፍች ይጨመርላቸዋል።

መ. ሰዋስው

1. መስተዋድድና ቁጥር

የሚከተሉትን ዐረፍተ ነገሮች አነጻጽሩ።

ሀ) የሙቀቱ መጠን ከ74 ዲግሪ ወደ 83 ዲግሪ ጨመረ።
ለ) የሙቀቱ መጠን በ9 ዲግሪ ጨመረ።
ሐ) የሙቀቱ መጠን እስከ 83 ዲግሪ ደረሰ።
መ) ፕሮሰሰሩ በ83 ዲግሪ ይሠራል።

በ«ሀ» ውስጥ «ከ» መነሻውን፣ «ወደ» መድረሻውን ያመለክታል። በ«ለ» ውስጥ «በ» የለውጡን መጠን ብቻ ይናገራል፤ ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ አይገልጽም። በ«ሐ» ውስጥ «እስከ» የመጨረሻውን ወሰን ይገልጻል፤ መነሻውን ግን ይተዋል። በ«መ» ውስጥ ያለው «በ» ከ«ለ»ው ጋር በመልክ አንድ ሆኖ በትርጉም ይለያል። «ጨመረ»፣ «ቀነሰ»፣ «በለጠ»፣ «አነሰ» ከሚሉት ግሦች ጋር ሲገባ «በ» ልዩነትን ያመለክታል። «ሠራ»፣ «ፈላ»፣ «ቆመ» ከሚሉት ጋር ሲገባ ግን ነገሩ የሚገኝበትን ሁኔታ ያመለክታል። ስለዚህ «ሙቀቱ እስከ 83 ዲግሪ ጨመረ» ማለት ፈልጎ «ሙቀቱ በ83 ዲግሪ ጨመረ» የሚል ጸሐፊ፣ በአንድ ፊደል ምክንያት ኮምፒዩተሩን በወረቀት ላይ ያቃጥለዋል።

በተመሳሳይ ሁኔታ «ከ95 ዲግሪ በላይ» እና «ከ95 ዲግሪ ያላነሰ» የሚሉት ሐረጎች አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው 95ን ራሱን አይጨምርም፤ ሁለተኛው ይጨምራል። ጣሪያው 95 ለሆነ ፕሮሰሰር ይህ ልዩነት ትልቅ ነው።

«እጥፍ» የሚለውንም ቃል በጥንቃቄ ተጠቀሙበት። «80 ዲግሪ የደረሰው ኮምፒዩተር 40 ዲግሪ ካለው በእጥፍ ይሞቃል» ማለት ትክክል አይደለም። በሴልሺየስ ሚዛን ዜሮ ማለት ውኃ በረዶ የሚሆንበት ነጥብ ነው እንጂ ሙቀት ጨርሶ የሌለበት ነጥብ አይደለም። እንዲያውም የስዊድኑ ሊቅ አንደርስ ሴልሺየስ እ.ኤ.አ. በ1742 ሚዛኑን ሲያወጣ ውኃ የሚፈላበትን 0፣ በረዶ የሚሆንበትን 100 ብሎ ነበር፤ በኋላ ተገልብጦ ዛሬ የምናውቀው ሆነ። እንዲህ ያለ በስምምነት የተተከለ ዜሮ ያለውን ሚዛን መደመርና መቀነስ እንጂ ማባዛት አይስማማውም። ስለዚህ «በ40 ዲግሪ ይበልጣል» በሉ።

2. ኢተሻጋሪና ተሻጋሪ ግሥ

«ሞቀ»፣ «ቀዘቀዘ»፣ «ፈላ» የሚሉት ግሦች ተሳቢ አይፈልጉም፤ ኢተሻጋሪ ናቸው። «አ» ሲጨመርባቸው «አሞቀ»፣ «አቀዘቀዘ»፣ «አፈላ» ሆነው ተሳቢ የሚፈልጉ ተሻጋሪ ግሦች ይሆናሉ።

ኮምፒዩተሩ ሞቀ።
ሥራው ኮምፒዩተሩን አሞቀው።

የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር የታየውን ብቻ ይናገራል። ሁለተኛው ምክንያቱ ይህ ነው ብሎ ይፈርዳል። ስለሆነም ተሻጋሪውን ግሥ ከመጠቀማችሁ በፊት ባለቤት ያደረጋችሁት ነገር በእርግጥ ያንን ድርጊት መፈጸሙን አረጋግጡ። «አቧራው ፕሮሰሰሩን አሞቀው» የሚለው ዐረፍተ ነገር በሰዋስው በኩል ስሕተት የለበትም፤ በነገሩ በኩል ግን እውነት አይደለም። አቧራ ሙቀት አያመነጭም። ሙቀት የሚያመነጨው የኤሌክትሪኩ ኃይል ሲሆን፣ አቧራው ሙቀቱ እንዳይወጣ ይከለክላል። ስለዚህ «አቧራው ሙቀቱ እንዳይወጣ ስለከለከለ ፕሮሰሰሩ ሞቀ» ማለት ይገባል።

3. ጥገኛ ዐረፍተ ነገር የሁኔታ መያዣ

የሚከተለውን ዐረፍተ ነገር ተመልከቱ።

የክፍሉ አየር 29 ዲግሪ ሳለ፣ ፕሮሰሰሩ ሙሉ ጫና ተሸክሞ ለ30 ደቂቃ ከሠራ በኋላ፣ የሙቀት መጠኑ 83 ዲግሪ ሆነ።

ዋናው ዐረፍተ ነገር «የሙቀት መጠኑ 83 ዲግሪ ሆነ» የሚለው ነው። ብቻውን ሊቆም ይችላል፤ ነገር ግን ብቻውን ሲቆም ጥቅሙ ትንሽ ነው። «ሳለ» ያለበት ጥገኛ ዐረፍተ ነገር ቦታውን፣ «ከ… በኋላ» ያለበት ጊዜውን፣ «ተሸክሞ» የሚለው ቦዝ አንቀጽ ደግሞ ሥራውን ይገልጻሉ። ጥገኞቹ በሰዋስው ረገድ በዋናው ላይ ይደገፋሉ፤ በትርጉም ረገድ ግን ዋናው የሚደገፈው በእነርሱ ላይ ነው።

ሠ. ድርሰት፦ በልኬት ላይ የተመሠረተ ዘገባ

ከላይ በተመለከተው ምሳሌ፣ አንድ ተማሪ በመጋቢት ወር ለርእሰ መምህሩ የሚከተለውን ጻፈ እንበል።

«ኮምፒዩተራችን በጣም ይሞቃል። ትናንት ስንፈትነው 83 ሆነ። ከዚህ በፊት እንዲህ አልነበረም። ስለዚህ ስለተበላሸ በአዲስ ይለወጥልን።»

ዐረፍተ ነገሮቹ አጫጭርና ግልጽ ናቸው፤ ቁጥሩም ትክክል ነው። ይሁንና ጽሑፉ አንባቢውን ወደ ስሕተት ይመራዋል። «በጣም» ከምን አንጻር እንደሆነ አልተነገረም። 83 ዲግሪ በምን ሁኔታ እንደተገኘ፣ የፕሮሰሰሩ ጣሪያ ስንት እንደሆነ አልተገለጸም። «ስለዚህ» የሚለው መስተፃምር ከቁጥሩ ወደ ፍርዱ ያለ ድልድይ ዘሏል። ርእሰ መምህሩ ይህን አምኖ ቢፈርም፣ ለመጻሕፍት ሊውል የሚችል ገንዘብ ደኅና ኮምፒዩተር ለመጣል ይወጣል፤ ኮምፒዩተሩ እስኪተካም በአንዱ ወንበር ሁለት ተማሪዎች ይጋፋሉ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው።

መልካም ዘገባ አራት ነገሮችን በቅደም ተከተል ይይዛል። በመጀመሪያ ምን፣ የት፣ መቼና እንዴት እንደተለካ ይናገራል። ቀጥሎ የተገኘውን ቁጥር ያለ አስተያየት ያቀርባል። ከዚያም ቁጥሩን ከሌላ ቁጥር ጋር ያነጻጽራል። በመጨረሻ ከንጽጽሩ የተነሣ የደረሰበትን አሳብ ይገልጻል። የታየውንና የታሰበውን አለመቀላቀል የዘገባ ዋና ሕግ ነው። በሰኔ ስለተደረገው ፈተና የተጻፈውን የሚከተለውን ዘገባ እንደ አብነት አንብቡ።

«በኮምፒዩተር ክፍላችን የሚገኘው 7ኛ ቁጥር ኮምፒዩተር ሰኔ 3 ቀን ከጧቱ 3 ሰዓት ላይ ለ30 ደቂቃ የጫና ፈተና ተደርጎለታል። በፈተናው ጊዜ የክፍሉ አየር 21 ዲግሪ ነበር። የፕሮሰሰሩ የሙቀት መጠን ባለፉት 10 ደቂቃዎች ሳይለዋወጥ 92 ዲግሪ ላይ ረግቷል፤ ፍጥነቱ አልቀነሰም፤ የስሌት ስሕተትም አልታየም። አምራቹ ለዚህ ፕሮሰሰር የወሰነው ጣሪያ 100 ዲግሪ ነው። በታኅሣሥና በመጋቢት በተደረጉት ተመሳሳይ ፈተናዎች ፕሮሰሰሩ ከክፍሉ አየር በ54 ዲግሪ ይበልጥ የነበረ ሲሆን፣ አሁን በ71 ዲግሪ በልጧል። ልዩነቱ በክፍሉ ሙቀት ምክንያት አለመሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል። በማግሥቱ ኤሌክትሪኩ ተነቅሎ፣ መምህራችን ባሉበት የብረቱና የማራገቢያው አቧራ ከተጠረገ በኋላ ፈተናው ተደግሞ፣ ክፍሉ 22 ዲግሪ ሳለ ፕሮሰሰሩ 77 ዲግሪ ሆኗል። በመሆኑም ኮምፒዩተሩ ከአገልግሎት እንዳይወገድ፣ ይልቁንም የክፍሉ ኮምፒዩተሮች ሁሉ በየመንፈቁ እንዲጸዱ እናሳስባለን።»

ይህ ዘገባ ከመጀመሪያው ይረዝማል፤ ነገር ግን ትርፍ ቃል የለበትም። ዘገባውን የሚያነብ ሌላ ትምህርት ቤት ፈተናውን በዚያው ሁኔታ ደግሞ ውጤቱን ማረጋገጥ ይችላል። ጸሐፊው «በጣም» አላለም፤ አንባቢው ራሱ እንዲፈርድ ሁለት ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጦለታል።

ረ. መልመጃ

መልመጃ 1። የሚከተሉትን ጥያቄዎች ምንባቡን መሠረት አድርጋችሁ በሙሉ ዐረፍተ ነገር መልሱ።

1. በማራገቢያ የሚቀዘቅዝ ፕሮሰሰር ከክፍሉ አየር በታች ሊቀዘቅዝ የማይችለው ለምንድን ነው?
2. በመስኮቱ ላይ ያለው ቁጥር ረግቶ መቆሙ ሁልጊዜ የደኅንነት ምልክት የማይሆነው በምን ምክንያት ነው?
3. የአዲስ አበባን ከፍታ 2,400 ሜትር አድርጋችሁ በመያዝ፣ በምንባቡ በተጠቀሰው መመሪያ መሠረት የሚፈቀደውን የአየር ሙቀት ወሰን አስሉ። ውጤቱን «በ»ን እና «ወደ»ን በመጠቀም በሁለት የተለያዩ ዐረፍተ ነገሮች ግለጹ።

መልመጃ 2። በሚከተሉት ዐረፍተ ነገሮች ውስጥ ያለውን የአገላለጽ ጉድለት አውጥታችሁ አስተካክላችሁ ጻፉ።

1. ማራገቢያው ሲቆም ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ ተነሥቶ በ90 ዲግሪ ጨመረ።
2. ዛሬ ሐዋሳ 30 ዲግሪ ስለሆነች ከትናንቱ 15 ዲግሪ በእጥፍ ሞቃለች።
3. የተዘጋው መስኮት ክፍሉን አሞቀው።
4. ኮምፒዩተሩ 80 ስለሆነ ደኅና ነው።

መልመጃ 3። «ሳለ»፣ «ከ… በኋላ»፣ «እስከ… ድረስ» እና «ምንም እንኳ» የሚሉትን እያስገባችሁ፣ የሚከተለውን ዋና ዐረፍተ ነገር በአራት የተለያዩ ጥገኛ ዐረፍተ ነገሮች አስፋፉት፦ «የሐይቁ ውኃ 23 ዲግሪ ሆነ።»

መልመጃ 4። በቤታችሁ ወይም በትምህርት ቤታችሁ ሊለካ የሚችል አንድ ነገር ምረጡ፤ ለምሳሌ የክፍላችሁን አየር የሙቀት መጠን፣ ውኃ ለመፍላት የሚወስደውን ጊዜ፣ ወይም ከቤት እስከ ትምህርት ቤት የሚያስኬደውን ደቂቃ። በሁለት የተለያዩ ሁኔታዎች ለኩት። ከዚያም በትምህርቱ የተመለከቱትን አራት ነገሮች በቅደም ተከተል በመያዝ ከ150 ቃላት ያላነሰ ዘገባ ጻፉ። ዘገባችሁን በክፍል ውስጥ ስታነቡ የሚያዳምጡት ጓደኞቻችሁ፣ «ከምን አንጻር?» ብለው የሚጠይቁበት ዐረፍተ ነገር ካገኙ ምልክት ያድርጉበት፤ እናንተም ያንን ዐረፍተ ነገር አርማችሁ እንደገና ጻፉት።